የጤና አስተማሪዋ እህታችንና የቤተ ክርስቲያን ደጅ



በዚህ ጽሑፍ ሁላችንም ስለምናውቃት፣ ነገር ግን በጉባኤያችን መካከል ብዙም ስለማናነሣት አንዲት እህት እንድንነጋገር እፈልጋለሁ። በገጠር ያደገ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር ብቅ ያለ ሰው ሁሉ አይቷታል። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ መዝገቧን በእጇ ይዛ፣ ፀሐይ ሲበረታ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ሽንት ቤት ቆፍሩ ትላለች። ልጃችሁን አስከትቡ ትላለች። ነፍሰ ጡር ካለች ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት ትላለች። አንዳንዱ ቡና አፍልቶ ይቀበላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሩቅ ሲያያት «ዛሬም መጣች» ብሎ በጓሮ በኩል ይወጣል።

እኔም በጓሮ ከሚወጡት ወገን ነበርኩ። ይህን ሳልናገር ወደ ጉዳዩ ብገባ ሐቀኛ አልሆንም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ብዙም ሳይቆይ፣ ቀድሞ ደቡብ ክልል ይባል በነበረው አካባቢ በአንዲት የገጠር አጥቢያ አገለግል ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከአምልኮ በፊት ወደ እኔ መጥታ፣ «ፓስተር፣ ሲጨርሱ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። ለእናቶች ስለ ወሊድና ስለ ክትባት ልንገራቸው። በየቤቱ ብዞር አንድ ወር የሚፈጅብኝን ዛሬ እዚህ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። እኔም «እህቴ፣ እሁድ የቃሉ ቀን ነው፤ በሌላ ቀን ብትመጪ ይሻላል» ብዬ መለስኳት። አልተከራከረችኝም። አምልኮው አልቆ ስወጣ ግን ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶችን አንድ በአንድ እያስቆመች ታነጋግር ነበር። ግማሾቹ ቆሙላት፤ ግማሾቹ ወደ ቤታቸው ቸኮሉ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ግን ስለዚህ ሥራ በተነሣ ቁጥር ያ አጥር ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የገጠር ሴቶችን የጤና አስተማሪ አድርጎ ማሠልጠን ለአገራችን ምን አመጣ? አሁን የቆመውስ የት ላይ ነው? የቀረውን ለመሥራት የእኛ የአማኞች ድርሻ ምንድን ነው? እስቲ አብረን እንመልከት። (ዓመታቱን ሁሉ የጠቀስኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሥራው እንዴት ተጀመረ?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ2003 ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ችግር ግልጽ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ በገጠር ይኖራል፤ ሐኪሞቹና ሆስፒታሎቹ ግን በከተማ ናቸው። ሕፃናቱን የሚገድሏቸውም በሽታዎች አብዛኞቹ አስቀድሞ ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ነበሩ፦ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ወባ፣ ኩፍኝ። ሐኪም እስኪዳረስ ብንጠብቅ ኖሮ አንድ ትውልድ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ በየገጠር ቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየጤና ኬላውም ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተወሰነ። ሴቶቹ 10ኛ ክፍልን የጨረሱ፣ በተቻለ መጠን የዚያው ቀበሌ ልጆች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ እንዲሆኑ ተደረገ። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት አንድ ዓመት በክፍልና በመስክ ሠለጠኑ። ትምህርቱ 16 ክፍሎች ነበሩት፤ የቤተሰብ ጤናን፣ በሽታ መከላከልን፣ የግልና የአካባቢ ንጽሕናን እንዲሁም የጤና ትምህርትን ያካትታል። ሲመረቁ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው ተመደቡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ አገር እንዲህ ያለው ሥራ ያለ ክፍያ በድሃ ሴቶች ጫንቃ ላይ የሚጫን ነውና።

ሁለቱ እህቶች 5,000 ያህል ሕዝብ ይጠብቃቸዋል። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ከሥራ ጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት በመዞር፣ ቀሪውን በጤና ኬላው እንዲያሳልፉ ነበር የታሰበው። አንድ ቤተሰብ የ96 ሰዓት ትምህርት ተከታትሎ የተማረውን በቤቱ ሲተገብር «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል፤ ከዚያም ጎረቤቱን ያስተምራል። እስከ 2010 ድረስ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው ተሠማሩ። በአገራችን ታሪክ ይህን ያህል የገጠር ሴት በአንድ ሙያ፣ በደመወዝ፣ በገዛ ቀበሌዋ የተሰማራችበት ሌላ ጊዜ አላውቅም።

ለምን ሴት? ለምንስ የሰፈሩ ልጅ?

ይህ ውሳኔ ከባዶ የመጣ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ውስጥ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ገብረኢየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው የተባሉ ተመራማሪዎች በወባ በሚጠቁ ጣቢያዎች ውስጥ እናቶችን መርጠው አሠለጠኑ። እነዚህ እናቶች ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን፣ ልጅ ሲያተኩሰው ምልክቱን እንዴት እንደሚለዩና መድኃኒቱን በቤት እንዴት እንደሚሰጡ አስተማሩ። ውጤቱ በ2000 በታዋቂው ላንሴት መጽሔት ታተመ። እናቶች እናቶችን ባስተማሩባቸው ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ሆስፒታል አልተሠራም፤ አዲስ መድኃኒትም አልተገኘም። እናት ለእናት ነገረቻት፤ ልጆች ዳኑ።

ከዚያም ቀደም ብሎ በሕንድ አገር የሆነ ነገር አለ፤ ለእኛ ለአማኞች ደግሞ በተለይ የሚጠቅም ነው። ራጃኒካንትና ሜብል አሮሌ የተባሉ ክርስቲያን ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1970 ጃምኬድ በምትባል ድሃ የገጠር አካባቢ ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ የሠለጠኑ ነርሶችን ወደ መንደሮቹ ላኩ፤ አልሠራም። ነርሶቹ ለመንደሩ እንግዶች ነበሩ፤ መንደሩም አላመናቸውም። ከዚያ በኋላ ነው ከየመንደሩ ሴቶችን መርጠው ማሠልጠን የጀመሩት። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም በዚያ አገር ሥርዓት «አትንኳቸው» ተብለው ከተገለሉት ወገን ናቸው። እነዚሁ ሴቶች ነፍሰ ጡሮችን መከታተልን፣ ማዋለድን፣ ልጅ መመዘንን ተማሩ፤ መንደሮቻቸውንም ለወጡ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ሰው የሚያምነውን ሰው ይሰማል። እስቲ አስቡት፤ በአገራችን ገጠር ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ እንግዴ ልጅ አንዲት ወጣት ሙሽራ ከማን ጋር ታወራለች? ከወንድ ባለሙያ ጋር ታፍራለች፤ ባሏም አይወድም። ሴት ግን ጓዳ ትገባለች፣ ምድጃው ዳር ትቀመጣለች፣ ሕፃኑን ትታቀፋለች። የሰፈሩ ልጅ ስትሆን ደግሞ የአማቷን ጠባይ ታውቃለች፤ በየትኛው ቤት ለአራስ ልጅ ቅቤ እንደሚላስ፣ በየትኛው ቤት እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ እንደሚደፋ ታውቃለች። ይህን ማንም ማሠልጠኛ አያስተምራትም።

በነገራችን ላይ በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደር አካባቢዎች 10ኛ ክፍል የደረሱ ሴቶች በበቂ ቁጥር ስላልተገኙ፣ ዝቅ ያለ የትምህርት ደረጃ ያላቸውንና ወንዶችንም መመልመል ግድ ሆኖ ነበር። ከዚህ የምንማረው አለ። የነገዋ የጤና አስተማሪ ዛሬ 6ኛ ክፍል ያለች ልጅ ናት። እርሷን ከትምህርት ቤት አስወጥተን ከዳርናት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያችን ቀበሌ የሚያስተምር ሰው አናገኝም።

ምን ተገኘ?

በ2000 እና በ2016 የተደረጉትን የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

በ2000 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል፤ ከአሥራ አምስት አንዱ። ሙሉ ክትባት ያገኙ ሕፃናት ከ14 በመቶ ወደ 39 በመቶ አደጉ። ምንም ዓይነት መጸዳጃ የሌላቸው ቤተሰቦች ከ82 በመቶ ወደ 32 በመቶ ቀነሱ። የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከ8 በመቶ ወደ 36 በመቶ ደረሱ።

ይህን ሁሉ ያደረገችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻ ናት ማለቴ አይደለም። መንገድ ተሠርቷል፣ ትምህርት ተስፋፍቷል፣ አዳዲስ ክትባቶች ገብተዋል፣ የወባ አጎበር በሚሊዮን ተሠራጭቷል። ነገር ግን አጎበሩን ቤት ለቤት ያደረሰው ማን ነው? ክትባቱ መጥቷልና ልጅሽን አምጪ ብሎ የጠራው ማን ነው? ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን በዚያው በጤና ኬላው እንድታክም ተፈቅዶላታል። እኛ በእግር ኳስ ሜዳና በመድረክ ጀግና ስንፈልግ፣ ጀግኖቹ በየሰፈራችን መዝገብ ይዘው ሲዞሩ ነበር።

ትምህርት ብቻውን የማይደርስበት ቦታ

አሁን ግን በእነዚያው ጥናቶች ውስጥ ወዳለው አሳዛኝ ክፍል እንለፍ። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሚሞቱት ጨቅላ ሕፃናት በ2000 ከ1,000 ውስጥ 49 ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 29። ቀንሷል፤ ነገር ግን እንደ ትልልቆቹ ሕፃናት ፈጥኖ አልቀነሰም። ከ67ቱ 29ኙ ማለት ከሚሞቱት ሕፃናት ከአሥሩ አራት የሚሆኑት ገና አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ ማለት ነው። እናቶችም እንዲሁ ናቸው። በ2016 በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱት ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሮ በ2019 ከመቶ 50 ደርሷል። አሁንም ግን ግማሾቹ እቤታቸው ይወልዱ ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? ሽንት ቤት መቆፈር፣ እጅ መታጠብ፣ ማስከተብ ትምህርት የሚፈጽመው ነገር ነው። እናቲቱ ከሰማችና ካመነች ታደርገዋለች። በወሊድ ጊዜ የሚፈሰው ደም ግን በትምህርት አይቆምም። መኪና ይፈልጋል፣ አዋላጅ ነርስ ይፈልጋል፣ ደም ይፈልጋል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ «ተነሡ፣ እንውሰዳት» የሚል ሰው ይፈልጋል። የጤና ባለሙያዎች ይህን «ሦስቱ መዘግየቶች» ብለው ይጠሩታል። አንደኛው በቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ናቸው።

እህታችን ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱም ላይ የመጨረሻውን ቃል አትናገርም። በቤት የሚወስነው ባል ነው፤ ወይም አማት ናት። መንገዱ የወረዳው ነው፤ አምቡላንሱም አንድ ወይም ሁለት ሆኖ፣ አንዳንዴ ተበላሽቶ፣ አንዳንዴ ነዳጅ አጥቶ የሚቆም ነው። ጤና ጣቢያው የሌሎች ባለሙያዎች ነው። እርሷ ለሁሉም ነግራለች፤ ስትቀር የምትወቀሰው ግን እርሷ ናት።

ሸክሙ የከበዳት እህት

ከሃያ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ጉዞ ውስጥ ሥራዋ እየበዛ እንጂ እየቀለለ አልሄደም። በአንድ ዓመት ሥልጠና ለማስተማር ተልካ፣ በኋላ መርፌ መውጋትም፣ በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ማስገባትም፣ ሕፃን ማከምም፣ ለቁጥር የሚያታክት ሪፖርት መሙላትም ተጨመረባት። ከዚያ ላይ በየዘመቻው ትጠራለች። ብዙ ጤና ኬላዎች ውኃና መብራት የላቸውም። በ19 ዓመቷ የተቀጠረችው ልጅ አግብታ፣ ወልዳ፣ የራሷን ሕፃን አዝላ የሰው ልጅ ለማስከተብ ትዞራለች። የደረጃ ዕድገትና ዝውውር ለማግኘት ረጅም ዓመት ይፈጅባታል።

እንድታግዛት ተብሎ ከ2010-2011 ጀምሮ የሴቶች የልማት ሠራዊት ተቋቁሞ ነበር፤ አንድ ሞዴል ሴት አምስት ጎረቤቶቿን የምታስተምርበት «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ነው። ሐሳቡ በትግራይ ካየነው የእናት ለእናት ትምህርት ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም እነዚህ ሴቶች ያለ ክፍያ ነበር የሚሠሩት፤ አደረጃጀቱም ከፖለቲካ ጋር ተያይዞ ስለታየ ብዙ ሰው ልቡን ሳይከፍትለት ቀረ። ከ2018ቱ የፖለቲካ ለውጥ በኋላም በብዙ ቦታ ላላ። ከዚህም አንድ ነገር እንማራለን፤ ድሃ ሴት በነጻ እንድትሠራ ማዘዝ ይቻላል፤ ጎረቤት እንዲያምናት ማዘዝ ግን አይቻልም።

በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት መከራ ተጨመረ። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይና በአጎራባች አካባቢዎች፣ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል የተካሄደው ጦርነት ብዙ ጤና ኬላዎችን አውድሟል፣ ዘርፏል። በ2024 የወባ በሽታ ክፉኛ ተመልሶ መጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ዓመት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞች መመዝገባቸውን አስታውቋል። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ መደረጉ ተዘግቧል። በግንቦት 2025 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ማነስ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ገንዘብ ሲደርቅ ሸክሙ በመጨረሻ የሚያርፈው ቀበሌ ላይ ባለችው ሴት ላይ ነው።

የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ነበሩ። በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሴቶች ኅብረት አለን፤ የቤት ለቤት ጸሎት አለን፤ ወጣቶች አሉን። እህታችን በአንድ ወር ዞራ የማታዳርሰው ሕዝብ በየሳምንቱ በፈቃዱ ተሰብስቦ የሚጠብቀን እኛን ነው። ስለዚህ ሦስቱን መዘግየቶች ይዘን ወደ ራሳችን እንመልከት።

1. በቤት ውስጥ ስላለው መዘግየት። ባልን የሚያሳምነው ብዙ ጊዜ የሽማግሌና የመጋቢ ቃል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለሚስቱ አሥር ጊዜ የነገረችውን መጋቢው ለባሉ አንድ ጊዜ ቢነግረው በሩ ይከፈታል። አንዳንዴ ግን በሩን የዘጋነው እኛው ነን። «ጸልየናል፣ ምንም አትሆንም» ብለን ምጥ የጠናባትን እህት እቤት ያቆየን የለንም? «ተፈውሰሻል፣ መድኃኒቱን ተዪው» የተባለች የኤችአይቪ ሕመምተኛ አላየንም? በ2018 መጨረሻ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር «ያመክናል»፣ በ2021 የኮሮና ክትባት ሲመጣ «የአውሬው ምልክት ነው» የሚለው ወሬ በእኛም መካከል ዞሯል። ያን ወሬ በየቤቱ እየዞረች ስታስተባብል የከረመችው ያቺው እህት ናት። ወገኖቼ፣ እኛ እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ድውያንን የፈወሰ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሆድ የሚሆን የቤት መድኃኒት ከመምከር አልተቆጠበም (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ሐኪሙ ሉቃስም የጉዞው ጓደኛ ነበር። ጸልየን እንላካት፤ እየጸለይን እንውሰዳት።

2. በመንገድ ስላለው መዘግየት። ምጥ በሌሊት ሲመጣ ቃሬዛ የሚሸከም ጉልበት ያለው ማን ነው? የእኛ ወጣቶች አይደሉም? የመጨረሻ ወሯ የገባችውን እህት ስም፣ ቤቷንና የምትወልድበትን ጊዜ ባለሙያዋ መዝግባ ይዛለች። አጥቢያዋ ከእርሷ ጋር ተነጋግራ፣ ለእያንዳንዷ ተሸካሚዎችንና ባለ ሞተር ብስክሌት ወይም ባለ ባጃጅ አማኝ አስቀድማ ብታዘጋጅ ምን ያህል ነገር ይቀላል! በብዙ ጤና ጣቢያዎች አጠገብ ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች ከመውለዳቸው በፊት የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። ብዙዎች የማይሄዱት ግን የሚበላ ስለሌለና ቤት የሚጠብቅላቸው ስለሌለ ነው። ጤፍና በቆሎ፣ ለገንፎው ቅቤ፣ ለቡናው ማገዶ፣ እቤት ለቀሩት ልጆች ደግሞ አንዲት ጎረቤት፤ ይህ ሁሉ የሴቶች ኅብረታችን ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

3. በጤና ተቋም ውስጥ ስላለው መዘግየት። ይህ የሚመለከተው በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የምትሠሩ አማኞችን ነው። ኑሯችሁ ከባድ፣ ደመወዛችሁ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን የገጠር እናት አንድ ጊዜ ከተሰደበች ወይም ከተመታች ሁለተኛ አትመለስም፤ እህቷንም አትመጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ክፉ ቃል ይጠፋል። እሁድ በመዘምራን ልብስ የቆመችው እህት ሰኞ በማዋለጃ ክፍል የምትናገረው ቃል የአገልግሎቷ ክፍል ነው።

4. ስለ እህታችን ስለ ራሷ። ብዙዎቹ በየጉባኤያችን ያሉ አባሎቻችን ናቸው። መቼ ነው ስለ እነርሱ የጸለይነው? መቼ ነው «እንዴት ነሽ? ልጅሽን ማን ይጠብቅልሻል?» ያልናቸው? ለዘማሪና ለሰባኪ የምንሰጠውን ክብር አንድ ቀን ለእርሷም እንስጥ። የሚገባት ደመወዝና ዕድገት እንዲታሰብላትም በየመድረኩ መናገር አያስነውረንም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ይህን የምናደርገው ሰው ለመሳብ እንዳይሆን። እርሷ የኦርቶዶክሱንም፣ የሙስሊሙንም፣ የጴንጤውንም ደጅ ታንኳኳለች። የእኛ ወጣቶች ቃሬዛ ሲሸከሙ የተሸከሟት ሴት የማን ምእመን እንደሆነች መጠየቅ የለባቸውም። ባለሙያዋም በአንድ ቤተ እምነት ብቻ የምትታይ ከሆነች በሌላው ቤት በሩ ይዘጋባታል። ስለዚህ ለእኛ የሰጠችንን አምስት ደቂቃ ለሌሎቹም እንድትሰጥ እናበረታታት።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ወንጌል እንስበክ» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 ስለ ንዕማን ስንሰብክ ስለ ኤልሳዕና ስለ ዮርዳኖስ ብዙ እንናገራለን። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ግን ስሟ ባልተጻፈ አንዲት ትንሽ ልጅ ነው። ልጅቷ ማንንም አልፈወሰችም። ፈውስ የት እንደሚገኝ ለእመቤቷ ነገረቻት፤ በቃ። እዚያ ቤት ውስጥ የምትኖርና የምትታመን ስለነበረች ቃሏ ከጓዳ ወጥቶ እስከ ንጉሥ ደረሰ። ሆኖም ሰምቶ ያደረሰላት ሰው ባይኖር ኖሮ ንዕማን እቤቱ በቀረ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የምትለው ይኸው ነው፤ ወዴት እንደሚኬድ ትናገራለች። የሚሰማትና የሚያደርስላት ሰው ግን ያስፈልጋታል።

ውድ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ በሚቀጥለው እሁድ ከማስታወቂያው ሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ እንቀንስና ለእርሷ እንስጣት። ስትናገርም እኛ አጠገቧ እንቁም፤ ባሎች እንዲያዩን። እናንተም ውድ እህቶች፣ የነገረቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጎረቤታችሁ ሂዱ፤ እናት ለእናት ስትናገር ምን እንደሚሆን በትግራይ አይተናልና።

እኔ በዚያ ጠዋት አምስት ደቂቃ ነፍጌ ከአጥር ውጭ ያስቀረኋትን እህት ከዚያ አጥቢያ ከተዛወርኩ ወዲህ አላገኘኋትም። በዚያ ቀን ሳይቆሙላት ወደ ቤታቸው ከቸኮሉት እናቶች መካከል የመውለጃዋ ወር የቀረበ እንደነበረች ወይም እንዳልነበረች አላውቅም። ስለማላውቅም ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ። በእናንተ አጥቢያ ግን እህቲቱ ገና በደጅ አለች፤ መዝገቧንም ይዛለች። አስገቧት።

ጌታ ይባርካችሁ።